የመሃሉ ቁጥር

የሰፈሩ ሰው ቴስተር ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከሱቋ ጎን ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ነው። አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ ሸጠላትና እዚያው ፊቱ ላይ ቴስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያዋን አውጥታ ሁለቱን ጫፍ ነካች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ድንጋዩን መለሰችለት።

«ይሄ ሞቷል። ሌላ ስጠኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ባል ሲመጣልሽም እንዲህ ልትለኪው ነው?»

«ለክቼ ነው የመለስኩት» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ከዚያ ወዲህ ቴስተር ሆና ቀረች። ስሙ አላስከፋትም። እንዲያውም ልክ ነው ባይ ናት። ሱቋ ከሕንፃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ መበየጃ፣ ብሎን በየዓይነቱ የተለየባቸው የፕላስቲክ መሳቢያዎች፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሽቦ ጥቅል፤ ያለው ይሄ ነው። ሪሞት ትሠራለች፣ ሬዲዮ ትሠራለች፣ ቻርጀር ትሠራለች፣ የልጆች የጌም ጆይስቲክ ትሠራለች። ደንበኛ የሚለውን ትሰማለች፤ የምታምነው ግን መለኪያው የሚለውን ነው። «ወድቆ አያውቅም» የተባለ ስልክ ጥጉ ተሰንጥቆ ስታገኝ አትከራከርም። ትሠራውና ትሰጣለች።

የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ፣ ከአባቷ ጋር ነው። ሊፍት የለውም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ሾፌር ብሎ የጠራው ሰው ጉድ ይፈላበታል። «ሾፌር መንገድ ላይ ነው፤ እኔ አየር ላይ ነው የምሠራው» ይል ነበር። በሥራ ቦታ ደግሞ የታወቀው በእምቢታው ነው። አለቃ መጥቶ «አንሣ» ቢለው፣ ማሰሪያው ካልጣመው ወይ ንፋሱ ካልጣመው፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ይቀመጣል። ይለመናል፣ ይዛትበታል፣ እሱ እንደሆነ ወደ ሰማይ ያያል። እምቢ ካለ እምቢ ነው።

አሁን እጁን የሚያጣጥፍበት አቅም የለውም። ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱ ተዘጋ። የቀረው ዓይኑና ግራ እጁ ነው፤ ግራ እጁም ቢሆን ከአውራ ጣቱ በቀር ለስሙ ነው። ሐኪሙ፣ የምትሉትን ይሰማል፣ ይገባዋልም ብሏቸዋል። መልሱ ግን ከየት ይምጣ? «አዎ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን» ቢሉት፣ ዓይኑ ሳይጠየቅም ይጨፈናል። እጁን ቢይዙት ሳያዝዘው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ የሰው ጣት ይሁን የአንሶላ ጫፍ አይለይም።

ቴስተር በዚያ ሰሞን ምንም አልሆነችም። ጎረቤቱን ሁሉ የገረመው እሱ ነበር። «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ሲሏት «እሺ» ትልና የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ታያለች። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ወርዳ ሱቅ ትከፍታለች፣ መሃል ላይ ትወጣለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። የሚሰማት ነገር ቢኖር ደረጃው ጉልበቷ ላይ ነበር። ውስጧን ብትለካው ኖሮ መርፌው የሚነቃነቅ አይመስላትም። አልለካችውም።

ታላቅ ወንድሟ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። የመኪና ጋራዥ አለው፤ ቤቱ እዚያው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ትቶ ራሱ መጣ። አባታቸው የተኛበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ።

«እዚህ ምን ያያል? ጣሪያ ነው የሚያየው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኔ ቤት ምድር ላይ ነው። በሩን ከከፈቱለት ሰው ያያል፣ ዛፍ ያያል፣ መኪና ሲፈታ ያያል። ባለቤቴም ቤት ነው የምትውለው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ከለመደው ቤት ነቅለህ ልትወስደው ነው?»

«አንቺስ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትወጪ የምትወርጂው? ጉልበትሽ የብረት ነው?»

«ስለ ጉልበቴ አይደለም የምናወራው።»

«እሺ ስለ ምንድን ነው?»

እሷም አላወቀችው። ይሂድ ሲባል ደረቷ ውስጥ የሚነካካት ነገር የለም፤ ይቅር ሲባልም እንደዚያው። እናም እንደ ልማዷ ወደሚለካው ነገር ዞረች።

«እሱ ይጠየቅ» አለች።

«በምን አፉ?»

«አፉን ለኔ ተወው። እሱ ያለውን ግን ሁለታችንም እንቀበላለን። አንተም አትነጫነጭ፣ እኔም አልነጫነጭ።»

ወንድሟ ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «ይሁን» አለ።

ዕቃዋን ያገኘችው የማይሠሩ ነገሮች ከምታስቀምጥበት መሳቢያ ነው። ደንበኛ ትቶት የሄደ ያረጀ የጌም ጆይስቲክ ነበር። ልጆች አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉባት፣ እንጉዳይ የምትመስል ዱላ አለችው፤ እሷን ከነመቀመጫዋ ፈትታ አወጣቻት። ነገሩ ቀላል ነው። ከእንጉዳይዋ ሥር ሁለት ትንንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች አሉ፤ የድሮ ሬዲዮን የድምፅ ማዞሪያ ከፍቶ ያየ ሰው ያውቃቸዋል። አንዱ ግራና ቀኙን ይይዛል፣ ሌላው ላይና ታቹን። አምስት ቮልት ሲሰጣቸው፣ ዱላዋ እንዳዘነበለችው መጠን የሚመልሱት ቮልት ከፍና ዝቅ ይላል። ያንን ቮልት ወደ ቁጥር የምትለውጠው ማይክሮኮንትሮለር ናት፤ ተማሪዎችና ነገር መነካካት የሚወዱ ሰዎች የሚገዟት፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ቦርድ። የግራው ጥግ ዜሮ ነው፣ የቀኙ ጥግ አንድ ሺህ ሃያ ሦስት። መሃሉ አምስት መቶ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት።

አልሆነም። ያረጀ ዕቃ መሃሉን አያውቅም። ቦርዷን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ የሚወርደውን ቁጥር ስታይ፣ ዱላዋ ማንም ሳይነካት አምስት መቶ ሠላሳ ላይ ትቆማለች። ነካ አድርገው ሲለቋት ደግሞ አንዴ አምስት መቶ ሃያ፣ አንዴ አምስት መቶ አርባ ብላ ትመለሳለች። ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ብትገፋም ዘጠኝ መቶ ሰማንያን አታልፍም። ቴስተር ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መላ አታጣም። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር ጨመረች፤ ማብሪያው በተጫነ ቅጽበት ዱላዋ ያለችበትን ቁጥር ያነብና እሱን መሃል ብሎ ይይዛል። ከዚያ መሃል ሁለት መቶ ያህል ወደ ቀኝ ከራቀች አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ አዎ ማለት ነው። ሁለት መቶ ያህል ወደ ግራ ከራቀች ቀይ ይበራል፤ አይ ነው። የላይና ታቹን ሬዚስተር አልቀጠለችውም። ሁለት መልስ ይበቃል።

ቁልፍ ቀራጩ አንገቱን በበሩ አሰገገ።

«ምንድን ነው እሱ? ጌም ልትጀምሪ ነው እንዴ በስተርጅና?»

«ለአባዬ ነው። ይናገርበታል።»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። ከዚያ ግን አላስችል ብሎት ገባና እንጉዳይዋን በጣቱ ያዘ። «እስቲ እኔን ጠይቂኝ።»

«ቁልፍ ስትቀርጽ ተሳስተህ ታውቃለህ?»

ወደ ግራ ገፋት፤ ቀዩ በራ።

«ማሽንሽ ይዋሻል» አለ እየሳቀ።

«ማሽኑ ደህና ነው። የሚዋሸው ጣትህ ነው።»

እንጉዳይዋን ከአንድ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አሰረቻት፣ የእንጨቱን ጫፍ በመሞረድ አለሰለሰች፣ ይዛ ወጣች። የአባቷ ክንድ ይከብዳል፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እንጨቱን ከጎኑ አስተካክላ ክንዱን በሁለት እጇ ጎትታ አስተኛችበት፣ አውራ ጣቱን እንጉዳይዋ ላይ አደረገች፣ ትራሱን አቃናች፣ ከዚያ ማብሪያውን ተጫነች። ቀዩ ምን እንደሆነ፣ አረንጓዴው ምን እንደሆነ ነገረችው። መጀመሪያ መሞከሪያ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ መልሱ የታወቀ ጥያቄ። አሰበች።

«አባዬ፣ አንተ ሾፌር ነህ?»

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፣ ቀዩ በራ።

ከአፏ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ። «ይሠራል» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ትጠይቀው ጀመር። ተጠማህ? ቀይ። ሬዲዮ ልክፈት? ቀይ። ይበርድሃል? ቀይ። ያመሃል? ቀይ። ውሃውንም ምግቡንም በሰዓቱ መስጠቷን አልተወችም፤ እሱም አፉን ይከፍታል፣ ይውጣል። አይ ብሎ መብላቱ አልገረማትም፤ ድሮም እንዲህ ነበር። «ያመሃል?» ብላ ቀዩ ሲበራ ግን ቀለል ይላታል። ትራሱን እንደነበረ ትታ ወደ ሱቋ ትወርዳለች።

ወንድሟ ተመልሶ መጣ። አልጋው ጎን ተንበረከከ፤ የጋራዥ እጁን በሱሪው ጠርጎ የአባቱን ጉልበት ያዘ። እሷ ክንዱን አስቀመጠች፣ ማብሪያውን ተጫነች።

«አባ፣ እኔ ነኝ። እኔ ቤት ሄደህ ብትኖርስ? ትመጣለህ?»

ጣቱ ተርገበገበ። የክንዱ ጅማት ተወጠረ፣ ቆየ፣ ላላ። ቀዩ በራ።

«ልድገምለት?»

«ድገምለት።»

ደገመለት። አሁንም ጅማቱ ተወጥሮ ላላ። አሁንም ቀይ።

ወንድሟ ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ፤ ወለሉ ግን ንጹሕ ነበር። «እምቢ ካለ እምቢ ነው» አለ። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «አንቺ ደስ አለሽ?»

«አላውቅም» አለችው። እውነቷን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ተዘጋ። ቴስተር መውጣት መውረዷን ቀጠለች። ወንድሟ አሁንም ይደውላል፤ «ደህና ነው?» ይላል፣ «ደህና ነው» ትላለች፣ ይዘጋሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቀስበል ሊጠይቁ መጡ። እኚህ ሰው የአባቷ የሥራ ጓደኛ ናቸው። አባቷ ላይ ካቢን ውስጥ ሲቀመጥ፣ እሳቸው መሬት ላይ ቆመው ጭነቱን በእጅ ምልክት ይመሩለት ነበር። ስማቸው የወጣው ቀኑን ሙሉ «ቀስ በል! ቀስ!» እያሉ ሲጮሁ ስለሚውሉ ነው። በየፎቁ አርፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው የደረሱት።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ገና ከበሩ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ። «አሁንም ከላይ ነህ? ሠላሳ ዓመት ወደ አንተ ሳንጋጥጥ አንገቴ ተጣመመ፤ ዛሬ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ታስወጣኛለህ?»

የአባቷ ዓይን ወደሳቸው ዞረ፣ እዚያው ቀረ።

«ይመልስልዎታል» አለች ቴስተር። «ማሽን ሠርቼለታለሁ።» እንጨቱን አመጣች፣ ክንዱን አንሥታ አስተኛች፣ ጣቱን አስቀመጠች፣ ማብሪያውን ተጫነች። ጋሽ ቀስበል ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ቆይ፣ ቆይ ልጄ። እጁ ላዩ ላይ እያለ ነው የምታስነሺው?»

«ምን አለበት?»

«እንዴ! ክሬን ቢሆን አይነሣልሽም። ዘንጎቹ ሁሉ ዜሮ ላይ ካልቆሙ ሞተሩ እምቢ ነው የሚለው። እጅሽን ታነሻለሽ፣ ታስነሻለሽ፣ ከዚያ ትይዣለሽ። ይሄን ለአዲስ ገቢ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ማን ሆነና? አባትሽ አይደል?» ጎንበስ ብለው እጁን አዩ። «ደግሞ ወደ ቀኝ ተደግፎታል፣ አየሽ? ድሮም አያያዙ እንዲህ ነው። ከታች ሆኜ በመስኮቱ እጁን ሳይ ነው ዕድሜዬ ያለቀው።»

ቴስተር የአባቷን እጅ አየች።

«አዎ ብሎሽ ያውቃል?» አሉ ሽማግሌው።

«ምን?»

«አረንጓዴው። በርቶ ያውቃል?»

አሰበች። ሱቅ ውስጥ በርቷል፤ በራሷ ጣት። ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ አብርታ ነበር የምትነካት። እዚህ ቤት ግን አንድም ጊዜ አረንጓዴ አይታ እንደሆነ ፈለገች፤ አጣች።

«ሾፌር ነህ ወይ ብዬ ፈትኜዋለሁ» አለች። «አይ ብሏል።»

«እሱንማ ግድግዳውም አይ ይልሻል። እስቲ ኦፕሬተር ነህ ወይ በይው።»

ጠየቀችው። ጅማቱ ተወጠረ፣ ቆየ፣ ላላ። ቀዩ በራ።

ጋሽ ቀስበል ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሷ ወርዳ ላፕቶፑን አመጣች፤ ደረጃውን ስትወጣ አልሮጠችም። ሽቦውን ቀጠለችና የአባቷ እጅ እንደተቀመጠ ቁጥሩን አነበበች። ሰባት መቶ ዘጠና። ማሽኑ መሃል ብሎ የያዘው እሱን ነው። አዎ ለማለት ከዚያ ሁለት መቶ መጨመር አለበት፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና። ዱላዋ ደግሞ ዘጠኝ መቶ ሰማንያን አታልፍም። አዎ የሚባለው ቦታ ጣቱ ቀርቶ ዱላዋ ራሷ የማትደርስበት ቦታ ላይ ነበር። አይ የሚባለው ግን ከአምስት መቶ ዘጠና በታች ሁሉ ነው፤ ጣት ሲላላ ዱላዋ በራሷ ስፕሪንግ ተስባ አምስት መቶ ሠላሳ ላይ ትመለሳለች።

አባቷ ገፍቶ ገፍቶ ሲደክመው፣ ሲተወው፣ ቀዩ ይበራል። ያ ሁሉ አይ ድካም ነበር።

«ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?» አሉ ጋሽ ቀስበል።

«ዕቃው አልተበላሸም። እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቻርጀር ይዞ ለመጣ ደንበኛ የምትመልስበት ድምፅ ነበር።

መሣሪያዋን አመጣችና እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ሦስተኛ መብራት በየደች፤ ቢጫ። ያችን መስመር ደመሰሰችና ሌላ ጻፈች። አሁን ዱላዋ በሚታወቀው መሃሏ አካባቢ፣ ማንም ሳይነካት ረጋ ብላ ካልቆመች ቢጫው አይጠፋም። ቢጫው ካልጠፋ መልስ የለም። ክሬኑ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከጓዳ ሆና ጋሽ ቀስበል ለአባቷ ስለ አንድ ሰውዬ ሲያሙ ይሰማታል፤ «አሁንም ውሸቱን አልተወም ብለህ ነው? እንዲያውም ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ብሶበታል» እያሉ።

የቀረው የእጁ ክብደት ነበር። እንደተደገፈ ከተተወ አረንጓዴው ያለ ነገር ይበራል። ጋሽ ቀስበል ፎጣ አጥፈው ከእጅ አንጓው ሥር እያስገቡ፣ እሷ ቁጥር ታነባለች።

«ሰባት መቶ ሃምሳ።»

«ትንሽ ከፍ» አሉ ለራሳቸው።

«ስድስት መቶ አሥር።»

«ቀስ… ቀስ በል…»

«አምስት መቶ አርባ።»

«ቁም!» እጃቸውን ጭብጥ አድርገው ወደ ላይ አነሡ፣ ያኔ መሬት ላይ ቆመው እንደሚያደርጉት። የአባቷ ዓይን ጭብጡን አየ።

«አባዬ፣ አንተ ኦፕሬተር ነህ?»

አረንጓዴ። ለመብራት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ያመሃል?»

አረንጓዴ።

መብራቱን አየችው። አልጠፋም። «ጀርባህን ነው?» ቀይ። «እግርህን?» ቀይ። «ትከሻህን?» አረንጓዴ። የግራ ትከሻውን። ያመሃል ወይ ብላ ለመጠየቅ በየጊዜው በሁለት እጇ ስትጎትተው የነበረው ክንድ ነው።

«እሺ» አለች። እንጨቱን ወደሱ አስጠጋች፣ ክንዱን ከታች በትራስ ደገፈችው። «እንዲህ ይሻላል?» አረንጓዴ። «እሺ» አለች ደግማ። ጋሽ ቀስበል ወደ መስኮቱ ዞረው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ወደ ሱቋ ወረደች። ጋሽ ቀስበል ወንድሟ የጠየቀውን ጥያቄ አያውቁም። ወንድሟም አምኖ ሄዷል። ማሽኑ አሁን ደህና ነው፤ አባቷ የሚያመውን ይነግራታል፣ የሚጠማውን ይነግራታል፣ እሷም ትንከባከበዋለች። ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የአንድ ሪሞት ክዳን ከፍታ ዘጋች። ስልኩን አንሥታ አስቀመጠች። ለምን እንዳስቀመጠችው ራሷን ጠየቀች፤ ውስጧ አሁንም ዝም ነው። ግን እጇ አስቀምጦታል። ይህን ልብ አለችው። ከዚያ አንሥታ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

«በምኑ?»

«አባዬ አይ አላለህም። ማሽኑ ነው ያለው። አሠራሩን አበላሽቼው ነበር።»

ከወዲያ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ወንድሟ ለአንድ ሰው «ቆይ እስቲ» አለ፤ መዶሻው ቆመ።

«እና አዎ ነው ያለው?»

«ምንም አላለም። ገና አልተጠየቀም ማለት ነው።»

«አንቺ ጠይቀሽዋል?»

«አንተ በሌለህበት አልጠይቀውም። ና።»

መጣ። በዚህ ጊዜ አልተንበረከከም፤ ወንበር አስቀመጠችለት፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረገችለት። «ቁጥሩን አንተ አንብብ» አለችው። የአባቷን እጅ ከዱላዋ አራቀች፣ ማብሪያውን ተጫነች። ቢጫው በራ፣ ቆየ፣ ጠፋ። እጁን ፎጣው ላይ አሳረፈች።

«አባ» አለ ወንድሟ። «እኔ ቤት ትመጣለህ?»

ጣቱ ሄደ። አረንጓዴው በራ።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «ቆይ» አለችው። «አንድ ጊዜ አይበቃም። በተገላቢጦሽም ይለካል።» እሷ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ እዚሁ ከኔ ጋር ትቀራለህ?»

ሁለቱም መብራቶች ጠፍተው ቆዩ። አባቷ ዓይኑን ከሷ ላይ አላነሣም። ከዚያ ጣቱ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከባድ ነገር ሰው ላይ እንዳያርፍበት እንደሚያወርድ ሰው።

«አራት መቶ» አለ ወንድሟ። «ሦስት መቶ። ሁለት መቶ። አሁን ዘጠና።»

ቀዩ በርቷል። ዘጠና ማለት ጥግ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። የሚያጠራጥር ቁጥር አይደለም።

«ልክ ነው» አለች ቴስተር። «ይሠራል።»

«ደህና ነሽ?»

«ልብሶቹን ላጣጥፍ። የክረምቱም ይሂድ አይደል?»

ያወረዱት በወንበር ነው። ከፊት ወንድሟ፣ ከኋላ ቁልፍ ቀራጩ ተሸከሙ፤ ጋሽ ቀስበል ከታች የኋሊት እየወረዱ በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ። «ቀስ! ግራ፣ ግራ… ቁም!»

«እኚህ ሰውዬ» አለ ቁልፍ ቀራጩ ወደ አባቷ እያየና እያለከለከ፣ «ዕድሜ ልካቸውን ሸክም ሲያነሡ ኖረው፣ በመጨረሻው ለኔ ተረፉኝ?»

ደጅ ሲወጡ ብርሃኑ የአባቷን ዓይን አስጨፈነው። እሷ ኮፍያ አደረገችለት፣ እንጨቱን በፎጣ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ገባችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

የወንድሟ ቤት እንዳለው ነው። የክፍሉ በር ወደ ግቢው ይከፈታል፤ አንድ የጭነት መኪና ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል፣ ከሥሩ የሰው እግር ይታያል። አልጋውን ወደ በሩ አዞሩት። ቴስተር እንጨቱን አስተካከለች፣ የእንጨቱ ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በትልቁ ጻፈችበት፦ «መጀመሪያ እጁን አንሡ። አብሩ። ቢጫው ሲጠፋ እጁን አሳርፉ።» የወንድሟን ሚስት አስቀምጣ ደጋግማ አሠራቻት። ሴትዮዋ ለሁለተኛ ጊዜ ቀድማ እጁን ስታስቀምጥ፣ ቢጫው አልጠፋም።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። አንቺን እየጠበቀ ነው።»

ሴትዮዋ እጁን አነሣች፣ ጠበቀች፣ አሳረፈች። «አባባ፣ ሻይ ላምጣ?» አረንጓዴ። ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ሄደች።

የሚቀር ነገር አልነበረም። ቴስተር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ አውቶቡሱ ከከተማው ጫፍ ነው የሚነሣው። ወንድሟ ሊሸኛት የመኪናውን ቁልፍ ይዟል። ጎንበስ ብላ የአባቷን ኮሌታ አቃናች።

«አባዬ፣ ልሂድ?»

ቢጫው ጠፍቷል። ጣቱ እንጉዳይዋ ላይ ነው። አረንጓዴው አልበራም። ቀዩም አልበራም።

ጠበቁ።

«ባትሪው ሞተ መሰለኝ» አለ ወንድሟ።

ቴስተር ከቦርሳዋ መለኪያዋን አወጣች። ከእንጨቱ ሥር ያለውን ባትሪ ሁለቱን ጫፍ ነካች፣ አነበበች፣ የመለኪያውን ሽቦ ጠቀለለች።

«ደህና ነው።»

«እና ለምን አይመልስም?»

አባቷን አየችው። እሱም ያያታል። አውራ ጣቱ መሃሉ ላይ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም፣ አልተደገፈም፣ በራሱ ይዞት ነበር። ከግቢው መዶሻው ጀመረ።

«እኔ እንጃ» አለች። ቦርሳዋን አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበች። «ሌላ አውቶቡስም አለ አይደል?»

«የማታው አለ።»

«እንግዲያው ቁልፉን አስቀምጠው» አለችና ተቀመጠች።